የፊልም ማስታወቂያና የተመልካች ዓይን

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። የፊልም ማስታወቂያ ሙያ ግን ይህን ብሂል መገልበጥ ነው፤ ያልታየውን አገር ማስናፈቅ፣ ያልተሰማውን ታሪክ ማስጓጓት፣ ገና ያልተቀመሰውን ማስመኘት። በሲኒማ ቤት በር ላይ የተሰቀለ አንድ ባለቀለም ወረቀት መንገደኛውን አስቁሞ ኪሱን እንዲዳብስ ያደርገዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ ተንቀሳቃሽ ምስል ደግሞ በእጅ ስልክ መስኮት ላይ ብልጭ ብሎ ወጣቱን ለሳምንት ያህል ስለ አንድ ፊልም ሲያነጋግረው ይሰነብታል። እንዲህ ያለ ኃይል ያለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ኃይሉንስ ከየት እንደሚያገኘው መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው መነሣት ያለበትም በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ክፍል ውስጥ፣ በተለይም በቋንቋ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የፊልም ማስታወቂያ» የሚለው ሐረግ ሁለት ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም በሲኒማ ቤት በር የሚሰቀለው ሥዕላዊ ወረቀት፣ ማለትም ፖስተር ነው። ሁለተኛው ከፊልሙ የተመረጡ ትዕይንቶችን ቈራርጦና አገጣጥሞ የሚያቀርበው አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ማለትም ትሬይለር ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱንም እንደ ተራ የንግድ ጩኸት ይቈጥሯቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ድርሰቶች ናቸው። ደራሲ ቃላትን እንደሚመርጥ ሁሉ፣ የማስታወቂያው ሠሪም ቀለምን፣ ፊትን፣ ፊደልን፣ ድምፅንና ዝምታን ይመርጣል። የተመረጠ ነገር ካለ የተተወ ነገር አለ፤ የተመረጠና የተተወ ባለበት ሁሉ ደግሞ ሐሳብ አለ። ስለዚህ ተማሪው ግጥም አንብቦ እንደሚተነትን ሁሉ የፊልም ማስታወቂያንም አንብቦ መተንተን፣ ከዚያም የደረሰበትን ፍርድ በጠራ አማርኛ ማስረዳት ይኖርበታል።

የፊልም ማስታወቂያ ዕድሜ ከራሱ ከፊልም ዕድሜ እምብዛም አያንስም። ሉሚዬር የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ፣ ግራን ካፌ በተባለው ቤት ውስጥ፣ ገንዘብ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች አጫጭር ፊልሞችን አሳዩ። ከፊልሞቹ አንዱ፣ አትክልት የሚያጠጣ ሰው በራሱ የውሃ ቱቦ ፊቱን ሲረጭ የሚያሳይ ቀልድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1896፣ ማርሴለን ኦዞል የተባለ ሠዓሊ ስለዚህ ትዕይንት አንድ ፖስተር ሠራ። በፖስተሩ ላይ አትክልተኛው በውሃ ሲረጭ በመጋረጃው ላይ ይታያል። ከመጋረጃው ፊት ለፊት ደግሞ የተቀመጡ ሰዎች ሲስቁ ይታያሉ። ሠዓሊው ፊልሙን ብቻ አልሣለም፤ በፊልሙ የሚደሰቱትን ሰዎች ጭምር ሣለ። ስለዚህ ፖስተሩ ለመንገደኛው የሚነግረው «ይህ ፊልም ያስቃል» የሚል ደረቅ ዓረፍተ ነገር አይደለም። «እነዚህ ሰዎች እየሳቁ ነው፤ አንተ ብቻህን ለምን ከደጅ ትቀራለህ?» የሚል ጥሪ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ዘዴ ዛሬም አላረጀም፤ «ሁሉም እያየው ነው፤ አንተስ?» የሚለው አነጋገር የዚያው ጥሪ ልጅ ነው።

ሥዕልን ማንበብ ለአገራችን ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳንና ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ። ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይቀርባሉ። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን እንኳ ይህን ሥርዓት ስለሚያውቅ፣ በሥዕሉ ላይ አንድም ቃል ሳይጻፍ መልካሙን ከክፉው ለይቶ ታሪኩን ይከተላል። ዛሬ ከአንድ የፊልም ፖስተር ፊት የቆመ ተማሪም የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። የዋናው ባለታሪክ ፊት በብርሃን ተጥለቅልቆ መሐል ላይ ይገዝፋል፤ የባላጋራው ፊት እኩሌታው በጥላ ተሸፍኖ ከበስተኋላ ይታያል። ልዩነቱ አንድ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል የሚያይ ምእመን ሥርዓቱን ከአባቶቹ ተምሮታል፤ የፖስተሩን ሥርዓት ግን ለተማሪው ያስተማረው የለም። ሳያውቀው ያነባል፤ ሳያውቀው ያምናል፤ ሳያውቀውም ይከፍላል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1975 የታየው የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም፣ «ጆውስ» ማለትም «መንጋጋ» የተባለው፣ በዓለም ላይ ከታወቁት ፖስተሮች አንዱ የእርሱ ነው። ሥዕሉ መጀመሪያ የተሠራው ሮጀር ካስቴል በተባለ ሠዓሊ ለመጽሐፉ ሽፋን ነበር። ከላይ የፊልሙ ስም በትልልቅ ቀይ ፊደላት ተጽፏል። ከስሙ በታች አንዲት ሴት በባሕሩ ገጽ ላይ ብቻዋን ትዋኛለች። ከእርሷ በታች፣ ከባሕሩ ጥልቀት፣ አንድ ግዙፍ ሻርክ አፉን ከፍቶ፣ ጥርሶቹን አግጦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ይደነግጣል፤ ለምን እንደሚደነግጥ ግን ጥቂቶች ብቻ ይጠይቃሉ።

ምክንያቱ በአቀማመጡ ላይ ነው። ዋናተኛይቱ ሻርኩን አታይም፤ እኛ ግን ሁለቱንም እናያለን። እርሷ የማታውቀውን ማወቃችን የሚያስጨንቀን፣ ልንጮኽላት ስለማንችል ነው። የባሕሩ ገጽ ሥዕሉን እንደ መስመር ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከመስመሩ በላይ ሰላም፣ ከመስመሩ በታች ሞት አለ። የሻርኩ ራስ ሹል ሆኖ ወደ ላይ በማመልከቱ ዓይናችን ወድዶም ሆነ ተገድዶ ወደ ሴቲቱ ይሄዳል፤ ከእርሷም አልፎ ደም ወደ መሰለው የፊልሙ ስም ይደርሳል። አሁን ይህን ከፊልሙ ጋር እናነጻጽር። ለቀረጻው የተሠራው ሰው ሠራሽ ሻርክ በባሕር ውሃ ውስጥ ደጋግሞ ይበላሽ ስለነበረ፣ በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል አውሬው እምብዛም አይታይም። ፍርሃቱ የሚመጣው ከሙዚቃውና ከውሃው እንቅስቃሴ ነው። መጠኑም ቢሆን በፖስተሩ ላይ ካለው እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ፖስተሩ ዋሸ ወይስ አልዋሸም? ይህ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ክርክር የሚበቃ ጥያቄ ነው። የእኔን መልስ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሥዕሉ ቀጥሎ ቃሉ ይመጣል። የፊልም ማስታወቂያ የአማርኛ ትምህርት ጉዳይ የሚሆነው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የቀረበውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን ፊልም፣ «ድፍረት» የተባለውን እንውሰድ። ፊልሙ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ለጋብቻ የተጠለፈች አንዲት ልጃገረድ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ስትቀርብ፣ አንዲት የሕግ ባለሙያም ስትሟገትላት ያሳያል። «ድፍረት» ማለት አለመፍራት፣ ልበ ሙሉነት ነው። ይሁን እንጂ «ደፈረ» ከሚለው ግሥ «ተደፈረች» የሚለውም ይወጣል፤ በዚህ ትርጉሙ ቃሉ የሴት ልጅን ክብር በግፍ መግሠሥን ያመለክታል። እንግዲህ በአንዲት ቃል ውስጥ በደሉም አለ፤ በደሉን የተቋቋመው ልብም አለ። የወንጀለኛው ሥራና የተበዳይዋ ጀግንነት በአንድ ስም ተጠርተዋል። ይህ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ በውጭ አገር ፖስተር ላይ ሲወጣ፣ ለባዕድ አንባቢ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ተርጓሚም «ጀግንነት» ካለ በደሉን ይጥለዋል፤ «በደል» ካለ ጀግንነቱን ይጥለዋል። ምስጢሩን ለሌላው ሊያስረዳ የሚችለው አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ተማሪው ቋንቋውን የሚማረው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ካልሆነ ለመቼ ነው?

በፖስተር ላይ የሚጻፉ ሌሎች ቃላትም በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የ«ድፍረት» ማስተዋወቂያ በውጭ አገር ሲሠራጭ የታዋቂዋ ተዋናይት የአንጀሊና ጆሊ ስም አብሮ ይነሣ ነበር። ስሟ የተነሣው በፊልሙ ውስጥ ስለተወነች አይደለም፤ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር በመሆን ፊልሙን ስለደገፈች ነው። በዚህ ውስጥ ነውር የለም። ሆኖም ነቃ ያለ አንባቢ «ስሙ በትልቁ የተጻፈው ሰው በፊልሙ ውስጥ የሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በብዙ ፖስተሮች ላይ የሚታዩት የቅጠል ጉንጉኖችም እንዲሁ ናቸው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ከተማ በሚካሄደው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በእንዲህ ያለ ፊልም ላይ ጉንጉኑ የእውነተኛ ድል ምልክት ነው። በሌላ ፊልም ላይ ግን ያው ጉንጉን «በፌስቲቫሉ ታየ» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በጉንጉኑ መካከል በጥቃቅን ፊደላት በተጻፈው ቃል ነው። መታየትና መሸለም አንድ አይደሉም። ጥቃቅኑን ፊደል ማንበብ የለመደ ተማሪ ነገ ውል ሲፈርምም ጥቃቅኑን ፊደል ሳያነብ አያልፍም።

አሁን ወደ ትሬይለር እንለፍ። ትሬይለር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ከኋላ የሚከተል» ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዋናው ፊልም በኋላ ይታይ ስለነበረ ነው። በኋላ ጊዜ ወደ ፊት ተዛውሮ ከፊልሙ በፊት መታየት ቢጀምርም ስሙ ግን እንደ ጸና ቀረ። የትሬይለር ዋና መሣሪያ መቀስ ነው። መቀስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመረዳት በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ባለሙያ ያደረገውን ሙከራ ማስታወስ ይጠቅማል። እንደሚነገረው፣ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ምንም ስሜት የማያሳይ ፊት ወስዶ፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ ሌላ ጊዜ በሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተኛ አስከሬን፣ ሦስተኛም ጊዜ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አገጣጠመው። ተመልካቾቹ ያው አንድ ፊት በመጀመሪያው ረኃብን፣ በሁለተኛው ሐዘንን፣ በሦስተኛው ፍቅርን ያሳየ መሰላቸው። ስሜቱ የመጣው ከፊቱ ሳይሆን ከጎረቤቱ ነበር። ለቋንቋ ተማሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው በዐውደ ንባቡ ውስጥ እንደሆነ ያውቃልና።

ይህን ኃይል ከሁሉ የበለጠ ያጋለጠ አንድ ሌላ ሥራ አለ። የስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ አስፈሪ ፊልም ነው። በበረዶ በተከበበ ሆቴል ውስጥ ብቻቸውን ከሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች አባትየው አእምሮው ተናውጦ ሚስቱንና ልጁን ሊገድል ሲያሳድድ ያሳያል። በ2005 አንድ የፊልም አቀናባሪ ከዚሁ ፊልም ላይ ትዕይንቶችን መርጦ፣ ደስ የሚል ሙዚቃና የለሰለሰ የተራኪ ድምፅ ጨምሮ፣ አዲስ ትሬይለር ሠራ። በዚህ ትሬይለር ውስጥ ያ አስፈሪ አባት ልጁን የሚወድ የዋህ ሰው ሆነ፤ ፊልሙም የቤተሰብ ፍቅርን የሚያሳይ የደስታ ታሪክ መሰለ። አንድም አዲስ ትዕይንት አልተቀረጸም። እያንዳንዱ ቁራጭ እውነተኛ ነበር፤ ጠቅላላው ግን ሐሰት ሆነ። ሥራው ለቀልድና ለሙያ ውድድር የተሠራ በመሆኑ ማንንም አልጐዳም። ትምህርቱ ግን ከባድ ነው። እውነተኛ ቁርጥራጮችን አገጣጥሞ ሐሰት መናገር ይቻላል። ይህን የተረዳ ተማሪ የአንድን ሰው ንግግር ከመካከሉ ቈርጠው ሲያቀርቡለት «ከዚህ በፊት ምን አለ? ከዚህስ በኋላ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁሉም የፊልም ማስታወቂያ ግን እንዲህ ያታልላል ማለት አይደለም። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ለ«ሳይኮ» የሠራው ትሬይለር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ከስድስት ደቂቃ በላይ በሚፈጅ ትሬይለር ውስጥ የፊልሙ አዘጋጅ ራሱ እንደ አስጐብኚ ሆኖ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ሆቴልና ቤት ያስጐበኛል። አንዱን ደረጃ እያሳየ «እዚህ ላይ…» ብሎ ይጀምርና ሳይጨርስ ይተወዋል። በመጨረሻም የመታጠቢያ ክፍሉን መጋረጃ ድንገት ሲገልጥ አንዲት ሴት ትጮኻለች። ያቺ ሴት እንኳ በፊልሙ ውስጥ በዚያ ክፍል የምትታየው ተዋናይት አይደለችም። ሂችኮክ ምስጢሩን ሁሉ ደበቀ፤ ነገር ግን ቃል የገባውን አስፈሪ ታሪክ ሳያጓድል ሰጠ። ተረት ነጋሪ ሽማግሌ መጨረሻውን አስቀድሞ ባለመናገሩ ውሸታም እንደማይባል ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ማስታወቂያም አታላይ አይባልም።

ከዚህ በመነሣት የፊልም ማስታወቂያ በሚደብቀው ሳይሆን ቃል በሚገባው መመዘን አለበት እላለሁ። መደበቅ የጥበብ መብት ነው፤ የሌለውን እንዳለ ማስመሰል ግን የተመልካችን አደራ መብላት ነው። በዚህ ሚዛን የ«ጆውስ» ፖስተር ከወቀሳ ይድናል። የሻርኩን መጠን አጋንኗል፤ ቃል የገባው ግን ሻርኩን በክንድ ለክቶ ሊያሳየን ሳይሆን ፍርሃትን ሊሰጠን ነው፤ ፍርሃቱንም ፊልሙ ሰጥቷል። ሚዛኑን የሚፈታተን ምሳሌም አለ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በጋና ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር ጭነው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። ፖስተሮቻቸውን የአገሩ ሠዓሊዎች በተሰፋ የዱቄት ከረጢት ላይ በእጃቸው ይሥሉላቸው ነበር። ሠዓሊው አንዳንድ ጊዜ ፊልሙን ሳያይ ይሥላል፤ በፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብ፣ የሌለ እሳት፣ የሌለ ጭራቅ ይጨምርበታል። ከዓመታት በኋላ እነዚህ ሥዕሎች በሌላ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ጥበብ ሥራ ተፈላጊ ሆኑ። እንደ ሥዕል ካየናቸው የሠዓሊዎቹ የፈጠራ ኃይል ያስደንቃል። እንደ ቃል ኪዳን ካየናቸው ግን እባብ አያለሁ ብሎ ከፍሎ የገባው ሰው እባቡን አላየም። አንድ ሥራ በጥበብ ሚዛን ከብዶ በእውነት ሚዛን ሊቀል እንደሚችል ተማሪው ከዚህ ይማራል።

በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ አይጠረጠርም። አንዳንድ መምህራን «ለሰዋስውና ለሥነ ጽሑፍ ጊዜ ባልበቃበት ክፍል ውስጥ የሲኒማ ወረቀት ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው» ይላሉ። የጊዜው ማነስ እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ፖስተር የሚጻፍ አንቀጽ ከሰዋስውና ከድርሰት ውጭ አይደለም። ተማሪው ያየውን በቅደም ተከተል መግለጽ፣ አስተያየቱን በማስረጃ መደገፍ፣ «ምክንያቱም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ» የሚሉትን አያያዦች በቦታቸው መጠቀም ግድ ይሆንበታል። ሌሎች ደግሞ «ማስታወቂያን ክፍል ውስጥ ማሳየት ለነጋዴ ያለ ክፍያ መሥራት ነው» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከፊተኛው ይበልጥ ጠንከር ያለ ነው። መምህሩ ያረጁና የታወቁ ፊልሞችን ፖስተር ቢመርጥ ግን ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ደግሞም ተማሪው ማስታወቂያውን ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ በየቀኑ ያየዋል፤ በክፍል ውስጥ የሚጨመርለት ማስታወቂያው ሳይሆን ጥያቄው ነው። «ሁሉን ነገር መበተን ደስታን ይገድላል» ለሚሉትም መልስ አለ። የቅኔን ምስጢር መፍታት የቅኔን ጣዕም አላጠፋም፤ እንዲያውም ጣዕሙን የሰጠው መፍታቱ ነው።

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መብራትና የማሳያ መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት አንድ ፖስተር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተነድፎ ሊቀርብ ይችላል። አንድ ተማሪ ያየውን ፖስተር በቃል ብቻ ገልጾ ጓደኞቹ እየሰሙ እንዲነድፉት ማድረግም ይቻላል፤ የገለጻው ጉድለት ያን ጊዜ በንድፉ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ትሬይለር ለማየት በተቻለበት ቦታ ደግሞ ተማሪዎች መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው ምስሉን ብቻ፣ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍነው ድምፁን ብቻ፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ እንዲከታተሉ ማድረግ ይጠቅማል። ሙዚቃው ምን ያህል እንደሚያዝዛቸው ያን ጊዜ ይረዳሉ። በሁሉም ዘንድ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። መጀመሪያ የሚታየውን መዘርዘር፤ ቀጥሎ አቀማመጡንና ቃሉን መመርመር፤ ከዚያ የጐደለውን መፈለግ፤ ከዚያም የተገባውን ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፤ በመጨረሻም ፊልሙን ያየ ሰው ቃሉ ተጠብቆ እንደሆነ መፍረድ። «ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» እንደተባለው፣ ፍርዱ ከማየት በኋላ እንጂ በፊት መምጣት የለበትም።

ከማንበብ ወደ መሥራት መሸጋገርም ተገቢ ነው። ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊልም ሆኖ ፖስተር ይሠራለት ቢባል ምን ይሣል? አንዱ ተማሪ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ጎን ለጎን ይሥል ይሆናል። ሌላው ፊታውራሪ መሸሻን ከባላገሮቻቸው ጋር ሲፋጠጡ ይሥላል። ሦስተኛው ጉዱ ካሣን ብቻውን፣ ፊቱን ከሰው ሁሉ መልሶ ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያው ፖስተር መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የሥርዓት ታሪክ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ከዘመኑ የቀደመ ሰው ታሪክ ነው ይላል። ሦስቱም ከመጽሐፉ የወጡ እውነቶች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን መጽሐፉ አይደሉም። ተማሪው ይህን ሲሠራ፣ ማንኛውም ማስታወቂያ የአንድ ሰው ትርጓሜ መሆኑን በገዛ እጁ ያውቀዋል። በገዛ እጅ የታወቀ ነገር ደግሞ አይረሳም።

ከሁሉም በላይ ነገሩ ስለ ትኬት ዋጋ ብቻ አይደለም። ፊልም ያላማረው ተመልካች የሚከስረው ጥቂት ብርና አንድ ምሽት ነው። ነገር ግን ያው ቀለም፣ ያው የገዘፈ ፊት፣ ያው ተቈርጦ የተገጣጠመ ድምፅ ዕቃ ለመሸጥ፣ ሰውን ወደ ባዕድ አገር ለማስኰብለል፣ ወንድምን በወንድም ላይ ለማነሣሣትም ያገለግላል። በዚያ ጊዜ የሚከሰረው ብር አይደለም። የፊልም ፖስተር ትንሽና ጉዳት የሌለው የመለማመጃ ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ «ምን ታየኝ? ምንስ ተደበቀኝ? የተገባልኝስ ቃል ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ወጣት፣ ጉዳዩ በከበደ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ አይረሳውም። ትምህርት ቤት ለወጣቱ ሊሰጠው ከሚችለው ስንቅ ውስጥ ይህ አንዱ በመሆኑ፣ የፊልም ማስታወቂያ ከሲኒማ ቤቱ በር ወርዶ፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም ቢሆን፣ በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሊሰቀል ይገባዋል።

የመወያያና የጽሕፈት ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው የፊልም ማስታወቂያ «በሚደብቀው ሳይሆን ቃል በሚገባው መመዘን አለበት» ያሉት ለምንድን ነው? ከምንባቡ ሁለት ምሳሌዎችን ጠቅሳችሁ አስረዱ።
2. «ስሜቱ የመጣው ከፊቱ ሳይሆን ከጎረቤቱ ነበር» ሲባል ምን ማለት ነው? አሳቡን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
3. እንደ «ድፍረት» ሁሉ ሁለት ትርጉም ያላቸውን ሦስት የአማርኛ ቃላት ፈልጉ፤ እያንዳንዱን በሁለቱም ትርጉሙ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
4. በጋና ሠዓሊዎች ላይ ጸሐፊው የሰጡትን ፍርድ ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።
5. ከምታውቋቸው ልቦለዶች አንዱን መርጣችሁ ለፊልሙ የሚሆን ፖስተር ንደፉ። ከዚያም ምን እንደመረጣችሁና ምን እንደተዋችሁ ምክንያታችሁን ከሃያ መስመር ባልበለጠ ድርሰት አስረዱ።